ብቻውን የተጫወተ ሰው ሼፐርድን ማትረፍ ያልቻለበት ምክንያት፦ የማስ ኤፌክት 3 የጉዳይ ጥናት

ማስ ኤፌክት 3 የሚባለው የቪዲዮ ጌም ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው ማርች 6 ቀን 2012 ነው (እዚህ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው ኤድመንተን፣ ካናዳ የሚገኘው ባዮዌር ሲሆን አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። በ2007 የተጀመረ የሦስት ክፍል ታሪክ መዝጊያ ስለነበር፣ ሴቭ ፋይላቸውን (የጨዋታቸውን ሂደትና ምርጫ የያዘውን ፋይል) ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያሻገሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ በጉጉት የሚጠብቁት። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የተጫወቱት ብቻቸውን ነው። የቀደሙት ሁለቱ ክፍሎች የኦንላይን ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

ጌሙን ገና ያልጨረሰ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ስለ መጨረሻው እየጻፍኩ መጨረሻውን መደበቅ አልችልም።

ኦክቶበር 2011 ላይ ባዮዌር ሦስተኛው ክፍል መልቲፕሌየር (ከሌሎች ጋር ኦንላይን የሚጫወቱበት ክፍል) እንደሚኖረው አስታወቀ። ደጋፊው ወዲያው ጥርጣሬ ገባው፤ ታሪኩን ትቶ ተኩስ ላይ ያተኮረ ጌም ይሆን እንዴ የሚል። ኩባንያው ለዚህ የሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር፦ መልቲፕሌየሩ በውዴታ ነው፣ ያልነካው ሰው ምንም አይቀርበትም፣ ምርጡንና የተሟላውን መጨረሻ ብቻን በመጫወትም ማግኘት ይቻላል። ይህ ቃል ባይሰጥ ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል አይከርም ነበር። አንድ ጌም ለሁለት ሰው ወይም ለአራት ሰው የተሠራ ነው ተብሎ ከተሸጠ ገዢው አውቆ ይገባበታል።

ስሌቱ

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሪፐር የሚባሉ ግዙፍ ማሽኖች በየ50 ሺህ ዓመቱ እየመጡ የሠለጠነውን ፍጡር ሁሉ ያጠፋሉ፤ አሁን ተራው የሰው ልጅና የዘመኑ ዘሮች ነው። ተጫዋቹ የሚሆነው ዋና ገጸ ባሕሪ ኮማንደር ሼፐርድ ምድርን እየነደደች ጥሎ ይወጣል። በጋላክሲው እየዞረ ለዘመናት የተቋሰሉትን ያስታርቃል፣ መርከብና ወታደር ይለምናል፣ በመጨረሻም ሁሉንም አሰልፎ ወደ ምድር ይመለሳል።

ያሰባሰበው ኃይል በነጥብ ይለካል። ኖርማንዲ በምትባለው መርከብ ውስጥ የጦር ክፍል አለ፤ እዚያ ያለውን ስክሪን ሲከፍቱት የቱሪያን ጦር፣ የክሮጋን ተዋጊ፣ የኳሪያን መርከብ (ሦስቱም የጌሙ ባዕድ ዘሮች ናቸው)፣ ከአንድ ተልዕኮ ተርፎ የመጣ አንድ ሳይንቲስት ሳይቀር ነጥብ ተሰጥቶት ተዘርዝሯል። አንዳንዱ ነጥብ ከአምስት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ክፍል ከተደረገ ምርጫ የመጣ ነው። ያኔ በሕይወት የተወው ሰው ዛሬ ለጦርነቱ ይሰለፋል፤ ያኔ የገደለው ደግሞ ቦታው ባዶ ነው። እንደ ሐሳብ ግሩም ነው፣ ሌላ ጌም ላይ የዚህን ያህል የተዋጣለት አላየሁም።

ችግሩ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን አይቆጠርም። ጋላክሲው ለጦርነት ያለው ዝግጁነት ተብሎ በመቶኛ የተቀመጠ ሌላ ቁጥር አለ፤ ድምሩ በዚያ ተባዝቶ የሚገኘው ነው በመጨረሻው ውጊያ ላይ የሚሠራው። መቶኛው መነሻው 50 ነው። ታሪኩ ውስጥ ምንም ቢደረግ ከ50 ንቅንቅ አይልም፤ ከፍ የሚያደርገው መልቲፕሌየር መጫወት ብቻ ነው። ለአይፎንና ለአይፓድ የወጣ ኢንፊልትሬተር የሚባል ጌምና ዳታፓድ የሚባል አፕ ጥቂት ይጨምሩ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ ሌላ መሣሪያና ኢንተርኔት የሚጠይቁ ናቸው።

አሁን ሼፐርድ የሚተርፍበትን መጨረሻ እንይ። ሦስት ምርጫዎች አሉ፦ ሪፐሮችን ማጥፋት፣ መቆጣጠር፣ ወይም ሕይወት ያለውን ከማሽን ጋር ማዋሐድ። ሼፐርድ በሕይወት እንዳለ የሚጠቁም ትዕይንት ያለው በማጥፋት ምርጫ ብቻ ነው። በማርቹ ጌም ያንን ለማየት፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ንግግር የሼፐርድን የቀድሞ አለቃ አንደርሰንን ያዳነ ሰው 4,000 የተባዛ ነጥብ ያስፈልገው ነበር፤ ያላዳነው ደግሞ 5,000።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰው እያንዳንዱን ፕላኔት አስሶ፣ እያንዳንዱን ተልዕኮ ፈጽሞ 7,000 ነጥብ ሰበሰበ እንበል። ኦንላይን ካልገባ 3,500 ብቻ ይቆጠርለታል፣ ሼፐርድ ይሞታል። ያው ሰው መቶኛውን ወደ 60 ቢያደርሰው 4,200 ይሆናል፣ ሼፐርድ ይተርፋል። በ50 ከመቶ 4,000 ለመሙላት 8,000 ነጥብ ያስፈልጋል። ተጫዋቾች ጌሙ ውስጥ ያለውን ነጥብ አንድ በአንድ ለቅመው ደመሩት፤ 8,000 አይሞላም። የኩባንያው ቃል በተራ የሂሳብ ስሌት ወደቀ።

እዚህ ላይ ለባዮዌርም መከራከር ይቻላል፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ሦስቱም ምርጫዎች በ2,800 ይከፈታሉ፤ ይህ በ50 ከመቶ 5,600 ነጥብ ማለት ነው፣ ብቻውን የሚጫወትም ይደርስበታል። እና "ምርጡ መጨረሻ" ሲሉ ይህን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። 4,000 የሚከፍተው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፦ ፍርስራሽ ይታያል፣ የተቃጠለ የጦር ልብስ የለበሰ ደረት ይታያል፣ ድንገት አየር ሲስብ ይቆረጣል። ፊት የለም፣ ንግግር የለም፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግር የለም።

ግን ሦስት ጌም ሙሉ ሼፐርድን ሆኖ ለኖረ ሰው ከዚያ ጥቂት ሰከንድ የበለጠ ምን አለ? የሠሪው ሰነድ የትኛውን "ምርጥ" እንደሚለው ተጫዋቹ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚተርፍበት አለ፣ የማይተርፍበት አለ። የተደበቀው ደግሞ ከሁሉ በላይ ከፍተኛውን ነጥብ ከሚጠይቀው በር ጀርባ ነው። ከፍተኛውን ነጥብ የሚጠይቅ መጨረሻ ምርጡ አይደለም ማለት የማያስኬድ ክርክር ነው።

ኦንላይን ያለው ምን ነበር

መልቲፕሌየሩ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ብዙ ሰው ከጠበቀው በላይ ጥሩ ነበር፣ እኔም ከእነዚያ ነኝ። አራት ሰው አንድ ቡድን ሆኖ ማዕበል በማዕበል የሚመጣ ጠላት ይመክታል። ሦስተኛው፣ ስድስተኛውና አሥረኛው ማዕበል ላይ ልዩ ሥራ ይሰጣል። ለምሳሌ አንድ ክብ ቦታ ላይ ቆሞ መረጃ ማስተላለፍ፤ ክቡ ውስጥ የቆመው ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። ወይም ተራ በተራ የሚበሩ መሣሪያዎችን ማጥፋት፤ መሣሪያው ላይ ያጎነበሰው ሰው መተኮስ ስለማይችል ሌሎቹ ከበው ይጠብቁታል። አሥራ አንደኛው ማዕበል ላይ የምትወስዳቸው መርከብ እስክትደርስ ሁለት ደቂቃ መቆየት ነው። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚፈጠረው መግባባት ደስ ይላል፤ የወደቀውን ለማንሳት እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ጋላክሲው በአምስት ክፍል ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ የራሱ መቶኛ አለው። አንድ ጨዋታ ሲያልቅ የዚያ አካባቢ መቶኛ ከፍ ይላል፤ ቦታው በዕጣ እንዲመጣ የመረጠ ደግሞ ሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ያገኛል። ደረጃ 20 የደረሰ ገጸ ባሕሪ ካለው ደግሞ ወደ ዋናው ታሪክ አሻግሮ በጦር ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

አንድ ነገር ግን አለ፦ መቶኛው ይወርዳል። ተጫዋቹ ጌሙን ዘግቶ ሥራ ሄደ፣ ፈተና ላይ ተቀመጠ፣ ታመመ፤ ቀኑ በሄደ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞክሬ ግዳጄን ተወጣሁ ማለት አይቻልም። ታሪኩን ቀስ ብሎ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየተጫወተ የሚጨርስ ሰው መጨረሻው ሲቃረብ እንደገና ኦንላይን መግባት አለበት። በእኔ ግምት ከመባዛቱ ይልቅ የኩባንያውን ሐሳብ ያጋለጠው ይህ ነው። መቶኛውን በጊዜ ማውረድ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሰውን በየቀኑ መልሶ ለማምጣት ነው የሚጠቅመው።

ሰው ሲገደድ የሚያደርገው ደግሞ ይታወቃል። የጌት ሮቦቶችን ጠላት አድርጎ ፋየርቤዝ ኋይት የሚባለውን ሜዳ መርጦ አንድ ጥግ ይዞ መቀመጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ሆነ። ለመጫወት ሳይሆን ለመልቀም። ፒሲ ላይ ያለው ደግሞ ሴቭ ፋይሉን በማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ነጥቡን ራሱ ይሞላል። ለኮንሶል (ለኤክስቦክስና ለፕሌይስቴሽን) ተጫዋች ግን ይህ እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ለማን ነው በሩ የተዘጋው

ኤክስቦክስ 360 ላይ ኦንላይን ለመጫወት የጎልድ ደንበኝነት ያስፈልግ ነበር፤ በዓመት ወደ 60 ዶላር። ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኦንላይን ፓስ የሚለው አሠራር ነበረው። አዲስ ጌም የገዛ ሰው ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ ያገኛል። ጌሙን ያገለገለ ከገዛ፣ ኮዱ አስቀድሞ ስለተበላ ኦንላይን ለመግባት ሌላ 10 ዶላር ይከፍላል። እንግዲህ ማስ ኤፌክት 3ን ከሁለተኛ እጅ ገዝቶ ኤክስቦክስ ላይ የሚጫወት ሰው ሼፐርድን ለማትረፍ ሁለት ጊዜ ኪሱ ሊገባ ነው፤ ያውም ብቻዬን ልጫወተው ብሎ ለገዛው ታሪክ።

በ2012 አዲስ አበባ ያለ ተጫዋች ደግሞ ከዚህም አይገባም። ያኔ ኢንተርኔት የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው፤ ቤቱ ያስገባም ቢሆን ፍጥነቱ ዝግ፣ ዋጋው የማይደፈር ነበር። በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያኔ ውጭ አገር አይከፍልም ነበር፣ ስለዚህ ደንበኝነቱም ፓሱም ዘመድ ካልላከ የማይታሰብ ነበር። አብዛኛው ጌም የሚገኘው ኮፒ ተደርጎ ነበር፤ ኮፒ የሚያጫውት ኤክስቦክስ ይዞ ኦንላይን የገባ ደግሞ ማሽኑ እንደሚታገድ ያውቃል። ኮፒ ለሚጫወት ማን አዘነ የሚል ይኖራል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኦሪጅናሉን ዲስክ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን አስመጥቶ በሕጋዊ መንገድ የተጫወተውም ዕጣው ያው 50 ከመቶ ነበር። ያ 50 ከመቶ በጌሙ ውስጥ የሚነበበው ደግሞ እንደ ተጫዋቹ ድክመት ነው፤ ጋላክሲውን ያላዘጋጀኸው አንተ ነህ ይላል።

ለምን እንዲህ ተሠራ

አንድ ጊዜ ተጫውቶ ጨርሶ የሚሸጥ ሰው ለአሳታሚ ጥቅም የለውም። ዲስኩ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ የሱቁ ነው። መልቲፕሌየር ሰውየው ዲስኩን ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል። በዚያ ላይ መሣሪያና ገጸ ባሕሪ የሚገኙት ውስጡ ምን እንዳለ በማይታወቅ ጥቅል ነበር። ጥቅሉ ጌሙ ውስጥ በሚገኝ ገንዘብ ይገዛል፤ ጌሙ ሲወጣ ርካሹ 5,000፣ ውዱ 60,000 ነበር። ያልታገሠ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ሴፕቴምበር 2012 ላይ ከኤሌክትሮኒክ አርትስ አለቆች አንዱ የነበረው ፍራንክ ጊቦ፣ ለብቻ መጫወቻ ብቻ ተብሎ የሚሠራ አንድም ጌም እንዳላጸደቀ ተናግሮ ነበር። የተባዛው መቶኛ የመጣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው፤ ከአንድ ጸሐፊ የታሪክ ሐሳብ የመጣ አይመስለኝም።

ይህን ስል ኦንላይን ከታሪክ ጋር መገናኘት የለበትም ማለቴ አይደለም። በ1986 ታይቶ ያወጣው በብል ቦብል የሚባል የአርኬድ ጌም መቶ ደረጃ አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢጨርሰው ይህ እውነተኛው ፍጻሜ አይደለም፣ ከጓደኛህ ጋር ና ይለዋል። ፈጣሪው ፉኪዮ ሚትሱጂ ጥንዶች አብረው እንዲጫወቱት ነበር የፈለገው፣ ማሽኑም ከመጀመሪያው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው። ጓደኛ ማግኘት እንጂ ደንበኝነት መግዛት አይጠይቅም። በ2015 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ደግሞ በአንድ የማሽን ዓይነት ላይ ያሉ ተጫዋቾች ሁሉ የኑክሌር መሣሪያቸውን ካላስወገዱ የማይታይ ትዕይንት አለው። አንድ ሰው ብቻውን ሊያሳካው አይችልም፣ ነጥቡም ያው ነው፦ ዓለም ትጥቅ የሚፈታው ሁሉም ሲፈታ ነው። እዚያ ብዙ ሰው ማስፈለጉ ራሱ ታሪኩ ነው።

ማስ ኤፌክት 3ም ይህን ሊል ይችል ነበር፤ ርዕሱ ኅብረት ነውና። ግን ኅብረቱን የሚፈጥረው ሼፐርድ ነው። ቱሪያንን ከክሮጋን ያስታረቀ፣ ኳሪያንን ከጌት ያስማማ ተጫዋች የታሪኩን ጥያቄ በታሪኩ ቋንቋ መልሷል። ከዚያ በኋላ ኦንላይን አልገባህም ተብሎ ግማሹ ሲቀነስበት፣ ወሩን ሙሉ ሠርቶ የመሥሪያ ቤቱ ድግስ ላይ ስላልተገኘ ደመወዙ በግማሽ የተከፈለው ሰው ይሆናል።

በእኔ እይታ ልዩነቱ ያለው በመደመርና በማባዛት መካከል ነው። መልቲፕሌየር ነጥብ ቢደምር ኖሮ፣ ብቻውን የሚጫወተው ሙሉ ሆኖ አብሮ የሚጫወተው አቋራጭ ያገኛል፤ አንዳንድ ተልዕኮ ቢዘልም በሌላ ያካክሳል። ሲባዛ ግን ብቻውን የሚጫወተው ገና ሲጀምር ግማሽ ነው። የሚገርመው የመደመሩ መንገድ እዚያው ጌሙ ውስጥ ነበር፤ ደረጃ 20 የደረሰውን ገጸ ባሕሪ ወደ ጦር ዝርዝሩ ማሻገር ማለት መደመር ነው። እሱ ብቻ ቢኖር ኖሮ ማንም አይጮህም ነበር።

ከማርች በኋላ

ጩኸቱ ስለ ነጥቡ ብቻ አልነበረም። ሦስቱ መጨረሻዎች በቀለም ካልሆነ አይለያዩም የሚለው ቁጣ ይበልጥ ነበር። ደጋፊዎች ለሕፃናት በጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባስበው ተቃውሞ አሰሙ። ባዮዌር ቢሮ ድረስ በሦስት ቀለም የተቀባ፣ ጣዕሙ ግን አንድ የሆነ ኬክ የላኩም አሉ። ማርች 21 ላይ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ሬይ ሙዚካ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ መጨረሻውን በሚያብራራ ይዘት ላይ ሥራ እንደተጀመረ አሳወቀ።

ጁን 26 ቀን 2012 ኤክስቴንድድ ከት የሚባለው ነጻ ማሟያ ወጣ። ሁሉም የተነጋገረው ስለ ተጨመሩት ትዕይንቶች ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ቁጥሩ ነው። ሼፐርድ የሚተርፍበት ነጥብ ወደ 3,100 ወረደ። በ50 ከመቶ 6,200 መሰብሰብ ይበቃል፣ ይህ ደግሞ ብቻውን ለተጫወተ የሚደረስበት ነው። በኦክቶበር 2011 የተሰጠው ቃል እውነት የሆነው ያን ዕለት ነው።

በዚያው ወር የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የቀረበለትን አቤቱታ መርምሮ፣ ምርጫህ ፍጻሜውን ይወስናል የሚለው የጌሙ ማስታወቂያ አሳሳች አይደለም አለ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የመጨረሻዎቹ ምርጫዎች የሚከፈቱት ተጫዋቹ ባስመዘገበው ነጥብ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ያስቆጣው ነጥብ ለኩባንያው መከላከያ ሆነለት።

ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኦንላይን ፓስን በሜይ 2013 ተወው። ከዚያ በኋላ የመጡት የባዮዌር ጌሞች፣ በ2014 ድራጎን ኤጅ፦ ኢንኩዊዚሽን፣ በ2017 ማስ ኤፌክት፦ አንድሮሜዳ፣ መልቲፕሌየር ነበራቸው፤ የታሪኩን መጨረሻ ግን አልነካም። የማስ ኤፌክት 3 መልቲፕሌየርም እስከ 2013 መጀመሪያ በነጻ ማሟያዎች እየደገፉት ብዙ ሰው በፍቅር ተጫውቶታል። ማስገደዱ ሳያስፈልገው።

ሜይ 14 ቀን 2021 ሦስቱም ጌሞች በአንድ ላይ ሌጀንደሪ ኤዲሽን ሆነው ሲወጡ መልቲፕሌየሩ የለም፣ መቶኛውም አብሮ ቀረ። ነጥቡ እንደገና ተሰልቶ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል የተደረጉ ምርጫዎች የበለጠ እንዲመዝኑ ተደረገ። ሦስተኛውን ብቻ የሚጫወት ሰው ያለውን ሁሉ አሟጦ ካልሠራ ጥሩ ወደሚባለው መጨረሻ አይደርስም። ቅጣቱ አሁን ያረፈው ቀደምቶቹን በዘለለ ላይ ነው፤ እነሱ ግን እዚያው የገዛው ጥቅል ውስጥ አሉለት።

የማርቹ ዲስክ ግን እስካሁን በየቤቱና በየሁለተኛ እጅ ሱቁ አለ። ማሟያው በላዩ ላይ የለም፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ዲስኩን ፕሌይስቴሽን 3 ላይ አስገብቶ ያለ ኢንተርኔት የሚጫወት ሰው መቶኛው 50፣ የሚጠየቀውም 4,000 ነው። ያንን 4,000 ወደ 3,100 ለማውረድ አንድ ጊዜ ኦንላይን መግባት አለበት።